ከስምጥ ሸለቆ ወደ ጭላሎ፤ ስለ ተራራ ጉዞ አጭር ታሪክ



ተማሪ ቤታችን የተመሠረተበትን ዓመታዊ በዓል ምክንያት በማድረግ በዚህ መጽሔት ላይ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ መምህራችን ባዘዙን ጊዜ፥ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ለመጻፍ ያሰብን ብዙዎች ነበርን። ነገር ግን ባለፈው ክረምት የደረሰብን አንድ ነገር ከሁሉ ይልቅ ስላሳሰበን፥ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ ተራራ ጉዞ ታሪክ ለመጻፍ ቈረጥን። ምክንያቱንም ከዚህ በታች እንገልጻለን።

አዳማ የሜዳ ከተማ ናት። ያሳደጋት የምድር ባቡር ነው፤ የምትገኘውም ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። እኛ የአዳማ ልጆች የምናውቀው አቧራውን፥ ሙቀቱን፥ የወንጂን ሸንኮራና የአዋሽን ውኃ ነው። ብርድ የሚባለውን ነገር የምንሰማው ከአርሲ በመጡ ዘመዶቻችን አፍ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻግሮ፥ ዴራንና ኢተያን አልፎ ወደ አሰላ ሲቃረብ ግራሩ ይቀራል፤ ገብሱና ስንዴው ይጀምራል፤ አየሩም ይለወጣል። ከአሰላ በስተ ምሥራቅ በኩል ጭላሎ ተራራ ቆሟል። ይህ ተራራ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረ ሲሆን፥ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ከእርሱ ወደ ደቡብ የጋላማ ሰንሰለትና የካካ ተራራ ይቀጥላሉ፤ ከእነርሱም ማዶ የባሌ ተራሮች አሉ። በባሌ የሳነቴ አምባ ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው።

እንግዲህ ባለፈው ሐምሌ፥ 11ኛውን ክፍል ጨርሰን ዕረፍት ስንወጣ፥ ስምንት ጓደኛሞች ወደ ጭላሎ ለመውጣት ተስማማን። አሳቡን ያገኘነው በቤተ መጻሕፍታችን ካለ አንድ የውጭ አገር መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ለተራራ ጉዞ ከሁሉ የሚሻሉት ወራት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው ይላል። የሐምሌ ዕረፍታችን ከመጽሐፉ ምክር ጋር ስለ ገጠመልን ደስ አለን። መጽሐፉ የተጻፈው ሐምሌ በጋ ለሆነበት አገር እንደ ነበረ፥ ለእኛ ግን ሐምሌ ክረምት መሆኑን አንዳችንም አላሰብንም። ስምንት ተማሪዎች ይህን ያህል መዘንጋታችን ዛሬ ሲነገር ያስቃል፤ በዚያን ቀን ግን አላሳቀንም።

ከአሰላ ማልደን ተነሣን። የለበስነው ስስ ጃኬት፥ የተጫማነው የሸራ ጫማ፥ የያዝነውም ዳቦና ቆሎ ነበር። ገብሱን አልፈን፥ ኮሶና ጥድ ያለበትን ዳገት ወጥተን፥ እኩለ ቀን ሲሆን ቍጥቋጦው አስታ ወደሚበዛበት ስፍራ ደረስን። በዚያም ጉሙ ወረደብንና ሦስት እርምጃ ቀድሞን የሚሄደውን ሰው ማየት ተሳነን። ቀጥሎ በረዶ ዘነበ። መንገዱ ጠፋን። ከመካከላችን አንዱ ጓደኛችን መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ኋላ ግን መንቀጥቀጡን አቆመና ያለ ምክንያት ይሥቅ ጀመር፤ የጃኬቱን ቍልፍ እንኳ መቆለፍ አቃተው። እኛም «በረታ» ብለን ደስ አለን። ይህ ብርድ ሰውነትን ሲያሸንፍ የሚታይ አደገኛ ምልክት መሆኑን የተረዳነው ወደ ከተማ ከተመለስን በኋላ ነው።

ያዳነን አንድ እረኛ ልጅ ነው። ዕድሜው ከ12 ዓመት አይበልጥም። በላዩ ብርድ ልብስ፥ በብርድ ልብሱም ላይ ላስቲክ ደርቧል። አየን፥ ምንም ሳይጠይቀን ፊታችን ቀደመና በእጁ ጠቀሰን። አንድ ሰዓት ያህል ተከትለነው ወረድንና አንድ ቤት ደረስን። የቤቱ እመቤት የታመመውን ጓደኛችንን እርጥብ ልብሱን አስወልቀው በጋቢ ጠቀለሉት፤ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠው ትኵስ ወተት ጥቂት በጥቂት አጠጡት። ለእኛም ጭኮ ሰጡን። ሌሊቱን በዚያ አደርን፤ ጓደኛችንም ነግቶ ሲነሣ ደኅና ሆነ።

በማግሥቱ የቤቱ ባለቤት፥ በዕድሜ የገፉ ሽማግሌ፥ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው በኦሮምኛ አነጋገሩን።

«ልጆቼ፥ ከብት ጠፍቶባችሁ ነው?»

«የለም፥ አባባ» አልን።

«ዝያራ ነው? ስለት አለባችሁ?»

«የለብንም።»

«እንግዲያ የመድኃኒት ቅጠል ለመልቀም ነው?»

«እርሱም አይደለም፥ አባባ።»

«ታዲያ በዚህ ዝናብ ምን ፍለጋ ወጣችሁ?»

እርስ በርሳችን ተያየን። መልስ አልነበረንም። ሽማግሌውም አልተቈጡንም፤ ነገር ግን ልጃቸው በጎቹን በጉም ውስጥ ጥሎ እኛን ማዳኑን እናውቅ ነበርና ጥያቄው እስከ አዳማ ድረስ ተከተለን። ይህም ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ በታሪክ ውስጥ ያገኘነውን የሚገልጽ ነው።

በመጀመሪያ፥ ተራራ ላይ መውጣት የዛሬ ዘመን ጨዋታ አለመሆኑን ተረዳን። በባሌ ተራሮች ፊንጫ ሐበራ በሚባል ስፍራ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ የድንጋይ መጠለያ ዋሻ አለ። የኢትዮጵያና የውጭ አገር ሊቃውንት በዚህ ዋሻ ቈፍረው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2019 ሲያስታውቁ ዓለምን አስደነቀ። ይኸውም ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች በዚያ እየተመላለሱ ይኖሩ ነበር። ያ ዘመን በተራራው አናት ላይ ግግር በረዶ የነበረበት ዘመን ነው። ሰዎቹ በባሌ ብቻ የሚገኘውን ትልቁን ፍልፈል እያደኑ በእሳት ጠብሰው ይበሉ ነበር፤ ለመሣሪያቸውም የሚሆነውን ባልጩት የሚያመጡት ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ስፍራ ነበር። ውኃም ከሚቀልጠው በረዶ ያገኙ ነበር። እንግዲህ የፊንጫ ሐበራ ሰዎች ሽማግሌው ቢጠይቋቸው ኖሮ መልስ ነበራቸው፤ «ምግብና ድንጋይ ፍለጋ» ይሉ ነበር።

በሁለተኛ ደረጃ ሰው ለጸሎት ወደ ተራራ ይወጣል። ሙሴ ወደ ሲና መውጣቱን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል፤ ነገር ግን ሩቅ መሄድ አያሻንም። ከሞጆ ወደ ቢሾፍቱ የሚሄድ ሰው በስተ ግራው ከሜዳው መካከል ብቻውን የቆመ ተራራ ያያል፤ ይህም 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው ዝቋላ ነው። ዝቋላም እንደ ጭላሎ እሳተ ገሞራ የነበረ ሲሆን በአፉ ውስጥ ሐይቅ አለ። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገድል ጻድቁ በዚህ ሐይቅ ውስጥ ቍልቍል ሆነው ስለ ኢትዮጵያ መቶ ዓመት እንደ ጸለዩ ይተርካል። በ15ኛው መቶ ዘመን ፍራ ማውሮ የሚባል የቬኒስ መነኩሴ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ የዝቋላ ስም መገኘቱ፥ ተራራው ከጥንት ጀምሮ ምን ያህል የታወቀ እንደ ነበር ያስረዳል። በየዓመቱ ጥቅምት 5 ቀንና መጋቢት 5 ቀን አያሌ ምእመናን ስንቃቸውን ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ። የአካባቢው ኦሮሞም ተራራውንና ሐይቁን ከጥንት ጀምሮ በአክብሮት ይመለከታል። የዝቋላ ዙሪያ ሜዳ ሁሉ ታርሶ ሳለ፥ በተራራው አናት የጥድ ደን የቀረው ስለዚህ አክብሮት መሆኑን ልብ ልንል ይገባል። ለጸሎት የወጣ ሰው ዛፍ እንዳይቈርጥ የሚከለክለው ዘበኛ ሳይሆን ፍርሃተ እግዚአብሔር ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ሰው ከብቱን ተከትሎ ይወጣል። በባሌ ኦሮሞ ዘንድ «ጎደንቱ» የሚባል ሥርዓት ነበረ። ከብት እንደ ወቅቱ ከቈላ ወደ ደጋ፥ ከደጋም ወደ ጫካ ይዛወር ነበር፤ ጨውነት ወዳለው የሆራ ውኃም ይወሰድ ነበር። ይህ ሥርዓት ግጦሹ እንዲያርፍ ያደርግ ነበር። ሰው ይወጣል፥ ደግሞም ይወርዳል፤ ተራራው ላይ ተተክሎ አይቀርም። በዚያው አገር ቀይ ቀበሮ በፈረሶችና በከብቶች መካከል እየሄደ አይጥና ፍልፈል ያድናል፤ ኦሮሞዎችም ይህን አይተው «ጄደላ ፈርዳ»፥ ማለት የፈረስ ቀበሮ፥ ብለው ጠሩት። ይህን ስም ያወጣ ሕዝብ እንስሳውን ከማንም መጽሐፍ በፊት በሚገባ የተመለከተ ሕዝብ ነው።

ታዲያ ያለ ምግብ፥ ያለ ጸሎት፥ ያለ ከብት፥ ለመሄድ ብቻ ወደ ተራራ መውጣት መቼ ተጀመረ? የአውሮፓ ሰዎች ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርካ እ.ኤ.አ. በ1336 ቫንቱ የሚባለውን የፈረንሳይ ተራራ ከአናቱ ለማየት ብሎ መውጣቱን ያወሳሉ። ነገር ግን ይህ አሳብ ብዙ ዘመን ሳይስፋፋ ቆየ። የአውሮፓ ታላቅ ተራራ ሞን ብላን የተወጣው እ.ኤ.አ. በ1786 ነው። ከወጡት ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ፓካር የሚባል ሐኪም ነበር፤ ሁለተኛው ባልማ ግን በተራራው ላይ የከበረ ድንጋይ እየፈለገ የሚኖር የአገሩ ሰው ነበር፤ ለመንገዱም ሽልማት ተዘጋጅቶ ነበር። ስለዚህ በዚያም አገር ቢሆን መንገዱን የሚያውቀው ለኑሮው ሲል የወጣ ሰው ነው። የእንግሊዝ ተራራ ወጪዎች ማኅበር በለንደን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1857 ነው። ሲጠቃለል፥ ለደስታ ብሎ ወደ ተራራ መውጣት ከሌሎቹ ምክንያቶች ሁሉ እጅግ ታናሽ ነው።

ወደ እኛም ተራሮች በዚህ መንፈስ የመጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1908 ባክስተን የሚባል እንግሊዛዊ አዳኝ ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባሉት በአርሲ ተራሮች አንድ ትልቅ የዱር እንስሳ ገደለ። ሊዴከር የሚባል የእንስሳት ሊቅ በ1910 እንስሳውን መርምሮ ለሳይንስ አዲስ መሆኑን አስታወቀና በአዳኙ ስም ሰየመው። ይህም እንስሳ የደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም፤ በአሮጌው አሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው እርሱ ነው። በመጽሐፍ «ተገኘ» ተብሎ ተጽፏል። ነገር ግን ጭላሎ ላይ ያደርንባቸው ሽማግሌ አያት ቅድመ አያቶች ይህን አጋዘን ሳያውቁት ኖረው ነበርን? እኛ የታሪክ ተማሪዎች «ተገኘ» የሚለውን ቃል ስናነብ «ለማን?» ብለን መጠየቅ እንዳለብን ከዚህ ተምረናል። የሆነ ሆኖ ከመጡት ሁሉ መልካም ያደረጉም አሉ። በ1960ዎቹ ሌስሊ ብራውን የሚባል የተፈጥሮ ሊቅ በባሌ ተራሮች በእግሩና በበቅሎ እየዞረ ስለ ደጋ አጋዘን ጥናት አደረገ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቁሟል፤ ከክፍሎቹ አንዱ የቈላ አጋዘን የሚኖርበት የዴራ ድልፈቃር ነው። እንግዲህ ከአዳማ ወደ አሰላ የሚሄድ ሰው የቈላውን አጋዘን አገር አልፎ ወደ ደጋው አጋዘን አገር ይወጣል ማለት ነው። ከመካከላችን ይህን መንገድ ሃያ ጊዜ የተመላለሱ ነበሩ፤ አንዳቸውም ይህን አያውቁም ነበር።

አሁን ወደ አስቸጋሪው የታሪኩ ክፍል እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በመስማማት በአሰላ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ አከፋፈለ፤ ምርቱም ጨመረ። ነገር ግን እርሻው ትርፍ የሚያስገኝ ሲሆን፥ የመሬት ባለቤቶች ትራክተር ገዝተው ራሳቸው ማረስ ጀመሩና አያሌ ጭሰኞች ከመሬታቸው ተነቀሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው ዐዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ ይሁን እንጂ የሕዝቡ ቍጥር እየበዛ፥ ሜዳው እየጠበበ በመሄዱ ማረሻው ወደ ዳገቱ መውጣቱን አላቆመም። ሽማግሌው ይህን በራሳቸው ኑሮ አስረዱን። አባታቸው ያርሱ የነበረው ከታች በሜዳው ነበር፤ እርሳቸው ዛሬ የሚያርሱት ከአስታው ሥር ነው፤ አምስት ወንዶች ልጆች ስላሏቸውም ልጆቻቸው የት እንደሚያርሱ አያውቁም። ከሜዳ ተቀምጦ «ተራራው አይታረስ» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ከእርሳቸው ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ፥ ወተታቸውን ጠጥቶ፥ ይህን ማለት ግን አይቻልም። እኛም አላልንም።

ይሁን እንጂ ተራራው ቢራቈት የሚጐዳው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ከእነዚህ ከአርሲ ተራሮች ውኃ በሦስት አቅጣጫ ይወርዳል። የከታር ወንዝ ወደ ምዕራብ ወርዶ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ የዝዋይ ውኃም በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይሄዳል። የአብያታ ሐይቅ ምን ያህል እንደ ሸሸ ወደ ሻሸመኔ የተጓዘ ሁሉ ያየዋል። የከለታ ወንዝ ወደ ሰሜን ወርዶ አዋሽን ይቀላቀላል፤ ከዚያም በታች እስከ መተሐራ ሸንኮራ ድረስ ያለው የመስኖ እርሻ አዋሽን ይጠጣል። በስተ ምሥራቅ ያለው ውኃ ደግሞ ወደ ዋቢ ሸበሌ ሄዶ እስከ ኦጋዴን ይደርሳል። ጓሳውና አስታው፥ ረግረጉም የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ መጥጦ በበጋ ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል። እነርሱ ከሌሉ ዝናቡ በአንድ ቀን ጐርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ በበጋም ወንዙ ይደርቃል። የባቱ ዓሣ አጥማጅ፥ የመቂ ሽንኩርት አትክልተኛ፥ የመተሐራ ሸንኮራ ቈራጭ፥ ሁሉም ጭላሎን ረግጠውት ባያውቁም በተራራው ይኖራሉ።

ሌላም ነገር ከተራራው ወደ ዓለም ወርዷል። ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው 60 ከመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃም ከ90 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ሽሮው ቶሎ አይበስልም። በዚህ ቀጭን አየር የለመደ ሳንባ ምን እንደሚሠራ የአርሲ ልጆች አሳይተዋል። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና በ1992፥ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአትላንታ በ1996፥ ቀነኒሳ በቀለ በአቴንስ በ2004፥ ጥሩነሽ ዲባባ በቤጂንግ በ2008 እ.ኤ.አ. በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኙ፥ ኃይሌ ከአሰላ፥ ሦስቱ ደግሞ ከበቆጂና ከአካባቢዋ የወጡ ነበሩ። በቆጂ በእነዚሁ ተራሮች ሥር ያለች ትንሽ ከተማ ናት።

በታሪኩ ውስጥ ለሽማግሌው ጥያቄ የሚሆን መልስ ወዳገኘንበት እንመለስ። በየካቲትና በመጋቢት 1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች ታላቅ ቃጠሎ ተነሣ። እሳቱ ለሳምንታት ነደደ። በዚያን ጊዜ ገበሬው፥ ወታደሩና ተማሪው በአንድነት ወደ ተራራው ወጥተው በቅጠልና በአፈር፥ በአካፋና በመጥረቢያ እሳቱን ተዋጉ፤ በመጨረሻም ዝናብ አገዛቸው። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. ዝቋላ ሲቃጠልም እንደዚሁ አያሌ ወጣቶች ከአዲስ አበባና ከቢሾፍቱ እየገሠገሡ ወጥተዋል። ከእነዚህ ተማሪዎች አብዛኞቹ ከዚያ ቀን በፊት ተራራ ወጥተው አያውቁም ይሆናል። በሞቀ ቤት ማደር ሲችሉ፥ ያላረሱትንና ያላሰማሩበትን ተራራ ለማዳን ወጡ። ይህንን ስናነብ፥ ከምግብ፥ ከጸሎትና ከከብት ሌላ አራተኛ ምክንያት እንዳለ ተረዳን፤ እርሱም መጠበቅ ነው። ሰው ግን ያላየውን ነገር ሊጠብቅ አይችልም።

በገና ዕረፍት እንደ ገና ወደ ጭላሎ ሄድን። በዚህ ጊዜ ስድስት ነበርን፤ በሐምሌ የታመመው ጓደኛችንም አልቀረም። እናቱ መጀመሪያ «አይሆንም» ብለው ነበር፤ በኋላ ግን የአባቱን ካፖርት ራሳቸው አልብሰው ሰደዱት። ለሽማግሌው ስኳርና ቡና፥ ለእመቤቲቱ ነጠላ፥ ለእረኛው ልጅ ደግሞ ደብተርና ቦት ጫማ ይዘን ሄድን። መንገድ እንዲመራን የሽማግሌውን የበኵር ልጅ በተስማማንበት ዋጋ ቀጠርን። ሌሊት ተነሥተን በጓሳው ላይ የተጋገረውን ውርጭ እየረገጥን ወጣን። አስታው ካለቀ በኋላ ጅብራው እንደ ሰው ቆሞ ታየን። መሪያችን የአጋዘን ኮቴና በጠጥ አሳየን፤ አጋዘኑን ግን አላየነውም። በአንድ ስፍራ አስታው ተቃጥሎ ጥቍር ግንዱ ብቻ ቀርቷል፤ ከእርሱም አጠገብ አዲስ ትልም ተዘርግቷል። መሪያችን ማን እንዳረሰው ያውቅ ነበር፤ አልነገረንም፥ እኛም አልጠየቅነውም። ረፋድ ላይ ጫፉ ላይ ደረስን። ከበታቻችን የዝዋይ ሐይቅ ያበራ ነበር፤ ሸለቆው በሙሉ ተዘርግቶ ታየን፤ የምንኖርባቸው ከተሞች ግን ከዚያ ከፍታ ሲታዩ ከጭስ በቀር ምንም አልነበሩም። ብዙ አልተነጋገርንም። አብረን ዳቦ በላን፤ ጉሙም ሳይመጣ ወረድን።

ሽማግሌው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። «እኅ፥ ዛሬስ ምን ፍለጋ ወጣችሁ?» አሉን።

«አባባ፥ የምንጠጣው ውኃ ከየት እንደሚመጣ ለማየት ነው፤ አይተንም ለታናናሾቻችን ለመንገር» አልናቸው።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው፥ «መልካም ነው» አሉ። «ያየ ሰው ምስክር ይሆናል። ምስክር ደግሞ በተጠራ ቀን አይቀርም።» ከዚያም ቡናው እንዲቀርብ አዘዙ።

ይህን ቃል እንደ አደራ ተቀብለነዋል። ስለዚህ ከእኛ በኋላ የምትመጡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ ወደ ተራራ ብትሄዱ ከእኛ ስሕተት ትማሩ ዘንድ ጥቂት ምክር እንተውላችኋለን። በክረምት አትውጡ፤ የእኛ አገር የተራራ ወራት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል እንደሚቀንስ፥ ከአዳማ ይልቅ የጭላሎ ጫፍ 15 ዲግሪ ያህል እንደሚበርድ አስቡ፤ ደረቅ ልብስ ትርፍ ያዙ። የአገሩን ሰው ሳትይዙ አትሂዱ፤ የሚገባውንም ዋጋ ክፈሉት፤ ተራራው ለቤቱ እንጀራ ካመጣለት ተራራውን የሚጠብቅበት ምክንያት ያገኛል። ከጓደኞቻችሁ አንዱ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ዝም ካለ ወይም ያለ ነገር ከሣቀ፥ ጫፉ ቢቀርባችሁም ተመለሱ። በአስታው መካከል እሳት አታንድዱ። የወሰዳችሁትን ላስቲክና ጣሳ ሁሉ ይዛችሁ ውረዱ።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ልመና አለን። በየዓመቱ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ ጊዜ በገና ዕረፍት ወደ ጭላሎ ወይም ወደ ዝቋላ ቢወሰዱ፥ በአካባቢው ገበሬዎች ፈቃድና ምርጫ የኮሶና የጥድ ችግኝ ቢተክሉ፥ በሚመጣውም ዓመት የሚከተሏቸው ተማሪዎች የጸደቀውንና የደረቀውን ቈጥረው በዚህ መጽሔት ላይ ቢያስታውቁ መልካም ነው እንላለን። የሚጸድቀው ጥቂት ቢሆንም ቍጥሩ በእውነት ይጻፍ፤ ምስክርነት ማለት ይህ ነውና።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ልጆቻችሁ «ወደ ተራራ እንሂድ» ቢሏችሁ ሽማግሌው የጠየቁንን ጥያቄ ጠይቋቸው። መልስ ካላቸው ጋቢ አልብሳችሁ ላኳቸው።